ሞተራችሁ ዳገት ላይ «ቸክ ቸክ» ካለ አጥፉት፤ ስለ ዘይት ፓምፕ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት

ከሹምሸሃ ወደ ላሊበላ የሚወጣውን መንገድ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ኤርፖርቱ ያለበት ሜዳ ከፍታው 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከተማው ደግሞ 2,500 ገደማ። ሁለት ሰው ተጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ስትወጡት ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ያወጣል። እኛም የገጻችንን አሮጌ ባለ 200 ያማሃ ይዘን እዚያው ዳገት ላይ ነበርን። ነአኩቶ ለአብ አካባቢ ስንደርስ ከቴስታታው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ቸክ ቸክ ቸክ። ጋዝ ስንጨምር ድምፁም ይጨምራል።

የሚነዳው «ትንሽ ነው የቀረን፣ ከተማ ደርሰን እናሳየዋለን» አለ። ከኋላ የተቀመጠው «አሁኑኑ አጥፋው» አለ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ሁለታችን ነን፣ ማን ትክክል እንደነበር አሁን ላይ አንከራከርም። አጠፋነው፣ አንድ አይሱዙ ላይ ለምነን ጫንነው፣ ከተማ ገባን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተሩን ሳይፈታ ፈረደ፦ «የዘይት ፓምፑ ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ አስመጡ»። የነገሩን ዋጋ ሰምተን ሞተሩን ራሱን ብንሸጠው ይሻላል ብለን ነበር። ሁለተኛው ጋ የወሰድነው በዕድሜ ጠና ላሉ ሜካኒክ ነው። «ጋሼ፣ ፓምፑ ነው አሉን» ስንላቸው፣ «ፓምፕ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም ልጆች፣ መጀመሪያ ዘይቱ የት ጋ እንደቆመ እንፈልገው» አሉን። ፈለጉት፣ አገኙት። ፓምፑ ደህና ነበር። ከታች ያለው ወንፊት ግን በቀይ ሲልኮን ፍርፋሪ ተደፍኗል። ከዚያ በፊት ሞተሩን የከፈተ አንድ ጋራዥ ክዳኑን ሲገጥም ሲልኮኑን እንደ ቅቤ ለድፎት ኖሯል፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ወድቆ ዘይቱን ዘጋው። ፓምፕ አልገዛንም። ወንፊት ታጠበ፣ ጋስኬት ተቀየረ፣ በቃ።

ይህን ለመጻፍ የተነሳነው ያው እዚህ ላስታ ውስጥ ሞተር የመዝናኛ ዕቃ ስላልሆነ ነው። የግብርና ባለሙያው ቀበሌ የሚደርስበት፣ ብዙ ወጣት እንጀራውን የሚበላበት፣ ለገና እንግዳ የሚመላለስበት ነው። ዕቃ ከወልድያ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ያልሞተ ፓምፕ መግዛት ኪስ ያራቁታል፣ ዘይት የማይደርሰውን ሞተር «እስከ ከተማ» ብሎ መንዳት ደግሞ ሞተሩን ራሱን ይገድላል።

እስቲ መጀመሪያ ዘይቱ የሚሄድበትን መንገድ እንከተለው። በባለአራት ስትሮክ ሞተር፣ ማለትም እንደ ቦክሰር፣ ቲቪኤስና ያማሃ 200 ባሉት፣ ዘይቱ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በትናንሾቹ 1 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። ፓምፑ ከታች በወንፊት በኩል ይስበዋል፣ በፊልትሮ ያሳልፈዋል፣ ከዚያ ወደ ኮሎና ወደ ላይ ወደ ቴስታታው ይገፋዋል። ሥራውን ጨርሶ በራሱ ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፑ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥርሳም ብረቶች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ይሽከረከራል፤ የውስጠኛው ከውጨኛው አንድ ጥርስ ያንሳል፣ በመሀል የሚፈጠረው ክፍተት ሲሰፋ ዘይት ይስባል፣ ሲጠብ ይገፋል። ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ውስጥ ስለሚሽከረከር ቶሎ አያልቅም። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ወይም የብረት ፍርፋሪ ሲገባበት ነው።

ቴስታታው ከሁሉም ሩቅ ስለሆነ ዘይት ሲያንስ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት እስኪበራ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ። አብዛኞቹ አሮጌ ትናንሽ ሞተሮች የዘይት ግፊት የሚያሳይ መብራት የላቸውም። ጆሯችሁ ነው መብራቱ።

ድምፅ ሁሉ የዘይት ችግር ነው ማለትም አይደለም። ባልቦላ ሲላላም ቸክ ቸክ ይላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ የላላ ባልቦላ ጠዋት ቀዝቃዛ እያለም ይሰማል፣ ቀኑን ሙሉ ያው ነው። የዘይት እጥረት ግን ሞተሩ ሲግልና ዳገት ሲይዝ እየባሰ ይሄዳል። ድምፁ ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ከሆድ «ዶክ ዶክ» ካለ ደግሞ ነገሩ ወደ ቢየላው ወርዷል፤ ያኔ አንድ ኪሎ ሜትርም አትንዱት።

ምርመራውን በራሳችሁ መጀመር ትችላላችሁ። መጀመሪያ መጠኑን እዩ። ሞተሩን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። (ላሊበላ ውስጥ ሜዳ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፣ እናውቃለን።) ጥቂት ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉት፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ መለኪያዋን አውጥታችሁ ጥረጉና መልሳችሁ ክተቷት። በብዙ ሞተሮች ስትለኩ መለኪያዋ አትጠመዘዝም፣ ቀዳዳው ላይ ቁጭ ትላለች እንጂ። ጠምዝዛችሁ ከለካችሁ ያልሞላው የሞላ ሊመስላችሁ ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ዳገት የራሱ ጣጣ አለው። ሞተር ሽቅብ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሻል። ሙሉ ከሆነ ችግር የለም፣ ወንፊቱ አሁንም ዘይት ውስጥ ነው። ጎደል ያለ ከሆነ ግን ሜዳ ላይ ምንም ሳይመስል ዳገት ላይ ፓምፑ አየር መሳብ ሊጀምር ይችላል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ወር የሚያስነዳ እጥረት የአሸተን ማርያም አቅጣጫ ላይ በአንድ ቀን ሞተር ያበላሻል። «ትንሽ ነው የጎደለው» የምትለዋን ነገር እዚህ እርሷት።

መጠኑ ደህና ከሆነ ዘይቱን ራሱን መርምሩት። ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀጥኗል፤ ካርቡራተሩ ያንጠባጥባል ወይም በብርዱ ጠዋት ጆካችሁ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል ማለት ነው፣ ቀጭን ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ቀጥሎ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ወደ ጣታችሁ አስጠጉት። የሚያብለጨልጭ ነገር አለ? ከድሮ ስፒከር የወጣች ማግኔት አስጠጉበት። ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ከጥርስ ወይም ከኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ካልተጣበቀና ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፣ ከፒስተን ወይም ከክዳኖች አካባቢ። ፎቶ አንሱት፣ ለሜካኒካችሁ አሳዩት፤ ከድምፅ ይልቅ ይህ ብዙ ይነግረዋል።

አሁን ዋናው ፈተና፦ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል ወይ? ብዙዎቹ ባለአራት ስትሮክ ያማሃዎች ቴስታታቸው ላይ ለዚሁ የተቀመጠች ትንሽ ቡሎን አለቻቸው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ቡሎኗን ላላ አድርጓት፣ አታውጧት። አስነሱና በዝግታ ብቻ ይዙር፣ ጋዝ አትስጡት። ዘይት ጠብ ጠብ ማለት አለበት። 1 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልመጣ ወዲያው አጥፉት፤ የያማሃ የጥገና መጽሐፍም ይህንኑ ነው የሚለው። ሲመጣ ደግሞ ቡሎኗን መልሳችሁ አጥብቁ፣ ግን በጉልበት አይደለም፣ የአሉሚኒየም ጥርስ ቶሎ ይላጣል። ይህች ቡሎን የሌላቸው ሞተሮች ላይ ከላይ ያሉትን የባልቦላ ክዳኖች ከፍታችሁ ውስጡ በአዲስ ዘይት መርጠቡን ታያላችሁ። ደርቆ ወይም ቡናማ ሆኖ ተቃጥሎ ካያችሁት መልሱ እሱው ነው።

ዘይቱ ወደ ላይ ካልወጣ ፓምፑን ከመክሰሳችሁ በፊት ከታች ጀምሩ። ወንፊቱ ይታጠብ። ቀጥሎ ፊልትሮው ይታይ፤ ተገልብጦ የገባ ፊልትሮ ወይም የተረሳች ኦሪንግ ከአሮጌ ፓምፕ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፣ በሰው ስህተት የሚመጣው የዘይት ችግር ከምትገምቱት በላይ ነው። በብዙ የህንድና የቻይና ትናንሽ ሞተሮች ደግሞ የወረቀት ፊልትሮ የለም፤ ኮሎው ጫፍ ላይ ክብ ቆርቆሮ መሳይ ነገር እየተሽከረከረ ቆሻሻውን በግድግዳው ይይዛል። ዘይት ስትቀይሩ እሱ በራሱ አይጸዳም። ተከፍቶ ታውቁ እንደሆነ ጠይቁ፣ ውስጡ የሚገኘው ጥቁር ጭቃ አንዳንዴ በማንኪያ ነው የሚዛቀው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አሁን ፓምፑ ይፈታ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀኝ በኩል ከፍሪሲዮኑ ክዳን ኋላ ነው። ዘይቱ ይፈስሳል፣ ክዳኑ ይወጣል፣ በአንዳንዱ ሞተር ፍሪሲዮኑ ራሱ መውጣት አለበት። እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሜካኒኩ ቢስቅባችሁም አንሱት፤ ሲገጠም «ይቺ ዕቃ የምን ናት?» መባሉ አይቀርም። የፓምፑ ቪቶች ጠንካራ ስለሆኑ በተራ ካቻቢቴ ሲታገሉ ራሳቸው ይበላል፣ በመዶሻ የሚመታውን ካቻቢቴ መጠቀም ይሻላል።

መጀመሪያ የሚታየው ፓምፑን የሚያዞረው ጥርስ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ፕላስቲክ ነው፤ ከተበላ ወይም ከተሰነጠቀ ፓምፑ ደህና ሆኖ ሳለ አይዞርም፣ የሚቀየረውም ጥርሱ ብቻ ነው። ዘንጉን ከጥርሱ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ፒን አለች፣ ከክብሪት እንጨት ታንሳለች። እሷ ወድቃ ከሆነ ፓምፑ ቆሟል። ሞተር ሙሉ በሙሉ የሚገደለው በዚህች ፒን ነው ሲባል አይታመንም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ከዚያ ፓምፑ ይከፈታል። ብረቶቹ ላይ ነጥብ ምልክት ካለ በየት በኩል እንደነበረ ያዙ። ውስጡን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ለዓይን የሚታይ ግን ጥፍር የማይዘው ጭረት ብዙ አያስፈራም። ጥፍር የሚይዘው ከሆነ ግን ዘይቱ በዚያ በኩል ወደ ኋላ እየሾለከ ነው። ባልቦላ በሚስተካከልበት ቀጫጭን የብረት ቅጠል በሁለቱ ጥርሶች ጫፍ መሀል ያለው ክፍተት ይለካ። የየሞተሩ መጽሐፍ የራሱን ቁጥር ይሰጣል፣ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ግን መጨረሻው 0.20 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ከሰፋ ይቀየር። በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት «እናስተካክለዋለን» የሚል ሰው ካለ ፓምፑን ተቀብላችሁ ወደ ቤት ሂዱ፤ ሲሞረድ ክፍተቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ያገለገለ ፓምፕ ከሌላ ሞተር ላይ መግዛት ነውር የለውም፣ በእኛ ሁኔታ አንዳንዴ ሌላ ምርጫም የለም። ግን ከፍታችሁ፣ በጥፍር ዳስሳችሁ፣ ለክታችሁ ግዙ። የሚሸጠው ነክሶ ከቆመ ሞተር ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ሞተር ለምን እንደነከሰ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች። ፓምፑ ደረቁን አይገጠምም። ውስጡ ንጹህ ዘይት ይሞላና በእጅ እየዞረ ይረጥባል። ደረቅ ፓምፕ አየር ብቻ እያሽከረከረ ዘይት ለመሳብ ይቸገራል፣ እስኪስብ ድረስ ቴስታታው ጾሙን ይውላል። ጋስኬቱም እንዲሁ። ከካርቶን የተቆረጠ ጋስኬት ካያችሁ አሮጌው ላይ ደርቡትና ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። የዘይት ማለፊያዋ ትንሽ ቀዳዳ ካልተበሳች ሁሉን አሟልታችሁ መንገዱን በወረቀት ዘጋችሁት ማለት ነው። ሲልኮን የግድ ካስፈለገ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይበቃል፤ የእኛን ታሪክ ከላይ አንብባችኋል።

ከተገጠመ በኋላ የቡሎኗ ፈተና ይደገማል። ዘይት ወደ ላይ ከመጣ እሰየው። ከመጣ በኋላም ድምፁ ካልጠፋ ግን ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል፣ የቴስታታው ወይም የቢየላው መቀመጫ ተበልቷል፣ እሱን ፓምፕ አይመልሰውም፤ ሞተር መውረድና ቶርኖ ቤት መሄድ ይመጣል። ነአኩቶ ለአብ ጋ ባናጠፋው ኖሮ የእኛም መጨረሻ ይኸው ነበር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ባለአራት ስትሮክ ነው። በየቢሮው ግቢ ቆመው የምታዩዋቸው፣ ከጊዜ በኋላ በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የሚገቡት አሮጌ ያማሃ 100 እና ዲቲዎች ግን ባለሁለት ስትሮክ ናቸው፣ ነገራቸው ሌላ ነው። እነሱ ለብቻው የዘይት ጋን አላቸው። ያማሃ በ1964 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ኦቶሉብ ብሎ ያወጣው ፓምፕ ዘይቱን ጠብታ በጠብታ ከቤንዚኑ ጋር ወደ ሞተሩ ይልካል፤ ዘይቱ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ ምልክቱም የተገላቢጦሽ ነው። ባለአራት ስትሮክ ሰማያዊ ሲያጨስ እንደነግጣለን፤ ባለሁለት ስትሮክ ጭራሽ ማጨስ ሲያቆም ነው መደንገጥ። «ዛሬ ሞተሬ ጸዳ፣ አያጨስም» ብሎ የተደሰተ ሰው ነገ ፒስተን ይገዛል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት መብራትም ጋኑ ውስጥ ዘይት መኖሩን ብቻ ነው የምትናገረው፣ ፓምፑ መላኩን አታውቅም። ጋኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ምልክት አድርጉ። ብዙ ነድታችሁ ዘይቱ ከምልክቱ ካልወረደ ቆጣቢ ሞተር አግኝታችሁ አይደለም።

ለመፈተሽ መጀመሪያ ቤንዚኑ ውስጥ ለ1 ሊትር 50 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ስትሮክ ዘይት ደባልቁ፣ ሞተሩ በምርመራው ጊዜ እንዳይደርቅ። ከዚያ ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ፣ በዝግታ አስነሱ፣ የፓምፑን ገመድ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡ። ጠብታ ይመጣል። ካልመጣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው፤ ጋኑ አንዴ ባዶ ከሆነ አየር ይገባል። ፓምፑ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቪት ፈትታችሁ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ ትጠብቃላችሁ። ገመዱም ከጊዜ ብዛት ይላላል፣ ምልክቱ ላይ መመለስ አለበት።

እዚህ ላይ ከብዙ ሜካኒኮች ጋር አንስማማም። የተለመደው መፍትሔ «ፓምፑን ዝጋው፣ ዘይቱን ሁልጊዜ ከቤንዚን ጋር ደባልቀህ ንዳ» ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ሜዳ አገር ላይ ብዙ አያስቸግርም። ላስታ ግን ሜዳ አይደለም። ከጋሸና በኩል ያሉትን ቁልቁለቶች በማርሽ ጋዝ ዘግታችሁ ስትወርዱ ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ ቤንዚን ግን አይገባም። ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ስለሆነ እሱም አይገባም። የሚሠራ ፓምፕ ጋዝ ተዘግቶም ቢሆን ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ጥቂት ይልካል። ፓምፑ የተዘጋባችሁ ካላችሁ ረጅም ቁልቁለት ላይ በየመሀሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጋዝ ሰጥ አድርጉት። በፎሌ መውረድ ግን መፍትሔ አይደለም፣ ፍሬኑ ይግልና እናንተም አብራችሁ ትሄዳላችሁ።

ድንገት ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ቢነክስ የኋላ ጎማ ይቆለፋል። ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ፍሪሲዮኑን ጭብጥ አድርጉ፣ ጎማው ይለቀቃል፣ በፍሬን ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሪሲዮን ላይ ማሳረፍ የቆዩ ባለሁለት ስትሮክ ነጂዎች ልማድ ነው፣ በከንቱም አይደለም።

ስለ ዘይት ግዢ አንድ ነገር ብቻ፦ የመጽሐፉን ቁጥር ተከተሉ፣ በብዙ ባለአራት ስትሮክ 20/40 ወይም 20/50 ነው። ቆርቆሮው ላይ የሞተር ሳይክል መሆኑን እዩ፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። ክዳኑ ተከፍቶ የተዘጋ ከመሰላችሁ ተዉት። ሞተሩ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ዘይት ደግሞ ሙሉ ዕድሜውን አታስነዱት፣ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሩትና ወንፊቱን ድጋሚ እዩ። የእኛ ያማሃ ባለፈው ሳምንት 500ውን ሞላ። ወንፊቱ ላይ ሁለት ቀይ ፍርፋሪ ተገኘ፣ የድሮው ሲልኮን ቅሪት።

በነገራችን ላይ የያማሃ 100 የዘይት ፓምፕ ኦሪንግ ላሊበላ ወይም ወልድያ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ በኢንቦክስ ይጻፍልን። ሁለት ልጆች ሞተራቸውን ፈትተው ቁጭ ብለዋል።